አርባ ሰባት ስሙኒ

ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ስድስት የሳጥን ጣውላ፣
መደገፊያው ሽቦ፣ እዚህ የተወጠረ፣ እዚያ ላይ የላላ፤
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ግንፍሌ ወንዙ ላይ፣
ከዚህ አይበልጥም ነበር የጋሽ መርጊያ ድልድይ።

ጫፉ ላይ በርሜል አለ፤ በርሜሉ ላይ ጣሳ፣
ጣሳው ካልጮኸ በቀር እግር እንዳይነሳ።
ዋጋው ስሙኒ ነው ያኔ።
ሬሳ አይከፍልም። ሙሽራ አይከፍልም።
እርጉዝ የራሷን ነው፤ የሆዷን አትከፍልም።
ፖሊስም ይከፍላል፤ ደረሰኝ ቢጠይቅ ግን አያገኝም።
"ደረሰኜ ይኸው፣" ይላል ጋሽ መርጊያ፣ በከዘራው ጠቁሞ፣
"ያሻገርኩት ሰው ነው፣ ያውና ማዶ ቆሞ።"

ክረምት በመጣ ቁጥር ግንፍሌ ይነሳል፣
አንዱን ግንድ ይወስዳል፣ ሁለቱን ይልሳል፤
የዓመቱ ስሙኒ ተለቅሞ፣ ተቆጥሮ፣
መስከረም ሲጠባ ሌላ ግንድ ይሆናል፣ በሚስማር ተቸንክሮ።

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ኪሴ ቀዳዳ ነው።
የጋሽ መርጊያ መዝገብ የጎጆው ቆርቆሮ ነው፤
"የዘነቡ ልጅ" ብሎ በከሰል ይጽፋል፣
ጭረቱ ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ ተራ ይሰለፋል።
አርባ ሰባት ደረስኩ ስምንተኛን ስጨርስ፤
"መቼ ትከፍላለህ?" ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጉንፋን ይዞት ሲያነጥስ፣
"አንተ ልጅ፣" አለኝ፣ "በርታ እንጂ በሒሳብ፤
ይሄን ድምር አንድ ቀን አንተ ነህ የምታስብ።"

ስካቫተር መጣ፣ ባለ ቢጫ ክንድ፤
በአንድ ጧት ጠረገው ሦስቱንም ግንድ፤
በርሜሉን፣ ጣሳውን፣ ጎጆውን ጠራርጎ፣
ዕዳዬን የያዘውን ያን ቆርቆሮ ጭምር ጥቅልል አድርጎ
ሲኖ ትራክ ላይ ጫነው።
ማን ማረኝ? እላለሁ። ማንም አልማረኝም፤
ቆርቆሮው ሄደ እንጂ ስሙኒው አልሄደም።

ዛሬ ፌራዮ ነኝ። በአዲሱ ድልድይ ላይ ብረት አስራለሁ፣
አሥራ ስድስት ቁጥሩን ከሃያ አራት ቁጥሩ በጣቴ እለያለሁ፤
"በሒሳብ በርታ" ያለኝ ለዚህ ኖሯል፣ እላለሁ።
ኮንክሪት ሊሞላ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ለብቻዬ ወርጄ፣
ሱቅ የማይቀበለውን ስሙኒ፣ ከየቤቱ ለቅሜ፣ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ፣
ከሦስተኛው ምሰሶ ብረት ጋር አሰርኩት።
ፎርማኑ ቢሰማ "ባዕድ ነገር" ይላል፤
እኔ ግን ባዕድ አላልኩት።

ሪባኑ ተቆርጦ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣
ጋሽ መርጊያ መጣ፣ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጥሎ።
ጫፉ ላይ ቆም አለ፣ ሳንቲም ከኪሱ አወጣ፤
በርሜል የለ፣ ጣሳ የለ፤ የሚጥልበት አጣ።
በከዘራው መታው፣ ድም፣ ድም፣ ኮንክሪቱን፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፣ ሲያልፍ ምሰሶውን፤
ሦስተኛው ላይ ስንደርስ የኔ ልብ ድው ትላለች፣
የሱ ዓይን ሌላ ታያለች።
"አይነቃነቅም፣" አለ።

ምስጋና ነው? ወቀሳ?
"ያኛው፣" አለኝ፣ "ሲወዛወዝ፣
የማያውቀውን ሰው እጅ ይይዝ ነበር ሰው ሲጓዝ።
ደላላው የቄሱን፣ ወታደሩ የሸክላ ሠሪዋን እጅ፣
ተኳርፎ የከረመ ጎረቤት እንኳ መሃሉ ላይ ሲደርስ እንደ እናትና ልጅ።
እስቲ አሁን ተመልከት።"
አየሁ። ሰዉ ያልፋል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣
ማንም ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይረጥብ፣ ማንም ማንንም ትቶ።

ብዙ ዝም አለና፣
"ጥሩ ነው፣" አለ። "የአስካለን ልጅ የወሰደብኝ ሐምሌ
ይሄን አይወስደውም።"
ይህንን ጭረት የትኛውም ቆርቆሮ ላይ አይቼው አላውቅም።

ያቺን የያዛትን ሳንቲም መዳፌ ላይ ጣለ፤
"ድልድዩን የሠራህ አንተ አይደለህም ወይ? ተቀበለኝ፣" አለ።
ስለ ሦስተኛው ምሰሶ ልነግረው አፌን ስከፍት፣
ጥበቃው ፊሽካ ነፋ፦ "እዚያ ጋ! መቆም ክልክል ነው! እለፉ፣ አባት!"

ተነቃነቅን።