ስምንት ወር

ሐያት ናት ያመጣችው፣ ከሸገር ወደ ጅማ ስትመጣ፤
«ጋሽ ዘይኑ፣ ያጥልቁለት፤ ከመዥገር ነፃ ይውጣ።
ስምንት ወር ይሠራል።» ካርቶኑም ይኼንኑ አለ፤
ፊደሉ ግን እንደ ቁንጫ፣ ላነበው ስል ዘለለ።

ሁለት ጣት አስገብቼ ልኩን ለካሁለት፣
የበርጩማ እግር እንደምለካው፣ በጥንቃቄ፣ በስልት።
ዳማ ዝም ብሎ ቆመ፣ አንገቱን አዘንብሎ ሰጠኝ።
ማመኑ ነው የቆጨኝ።

በሦስተኛው ሌሊት የሄርማታ ውሻ ሁሉ ሲጮህ
የኔው ድምፁ የለም።
በባትሪ ፈለግሁት። ሰጋቱራው ላይ ተኝቷል፤
ለሃጩ ይወርዳል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዐይኑ እኔን አያይም።
በመሮ ቆረጥሁት። ጸጉሩ አብሮ ተነሳ፤
ቆዳው ቀልቷል፣ እንደ ተላጠ ዋንዛ።

ሲነጋ በባጃጅ ወሰድሁት። ሐኪሟ ሲፈን በሳሙና አጠበችው።
ከዚያ ጠየቀችኝ፦ ዕድሜው? ኪሎው? መቼ ታሰረ? የካርቶኑ ቁጥር?
ሁሉንም ጻፈችው።
«የሚበዙት ምንም አይሆኑም» አለች፣ «አንዳንዱ ግን አይችለውም።
በዚህ ወር የርስዎ አራተኛ ነው። ካልተጻፈ ማንም አያውቅም።»
ቅጹ «የታየ ምልክት» የሚል ሁለት መስመር አለው፤
«መንቀጥቀጥ» ብላ ሞላችው።
አንገቱን እንደሰጠኝ የሚጻፍበት ቦታ የለው።

ዳማ ድኗል። ጸጉር ያልበቀለበት ቀለበት ቀርቷል፤
ማታ ማታ መዥገሩን በጣቴ ለቅሜ ላምባ ውስጥ እከታለሁ።
ማሰሪያውን የት ልጣለው?
አዌቱ ብጥለው፣ ልብስ የሚያጥቡ አሉ፤
ብቀብረው፣ የሐያት እናት ዶሮዎች ይጭራሉ።
የሚስማር ጣሳ ውስጥ ነው፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኜ።
ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።

ሐያት «ሠራ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣
«ሠራ» እላታለሁ።