የመሳቢያው ቁልፍ

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከኮቴ ኪስ ነበር
የመሳቢያዬ ቁልፍ፣ ቼናይ ከኔ ሲያድር።
ወንድሜን ምናሴን ኩላሊቱን ሲያጥቡት
ከአልጋው አጠገብ ሆኜ ያቺን ብረት ሳሻት፣
«ያለኔ ምን ይውጣቸው?» እላለሁ በሐሳብ፤
ይታየኛል ቢሮው፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ዶሴው ሲደራረብ፣
ክፍል ዘጠኝ ቆሞ፣ ማኅተም ደርቆበት፣
ሲጣራ፣ ሲማጠን፦ «ድረስልን ውበሸት!»

እዚያ ሆስፒታል ውስጥ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት፣
ጠና ያለ ሰውዬ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣
ፊቱን ሳያዞር፣ ወረቀቴን ሳያይ
አንዲት ቃል አለችው፤ «ናላይ።»
ናላይ ማለት ነገ ነው።
ነገ ስመጣም ያው ነው።
ሰባት ጊዜ ሄጄ፣ ሰባት ጊዜ ናላይ፤
ናላዬ ዞረና ቁጭ አልኩ ደረጃው ላይ፣
ፌስታል ካቀፉት ጋር፣ ከሚያንጎላጁት ጋር።
ለካስ ከመስታወቱ ወዲህ ሲሆን ነገር
ነገ ያሏት ቃል እንዲህ ትከብዳለች፤
እኔ በቀን መቶ ጊዜ ስወረውራት ላባ ነበረች።

በስምንተኛው ቀን አንዲት ጸሐፊ ልጅ
መስኮቷን ትታ ወጣች ወደ ደጅ፤
አጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበች፣ በጣቷ፣ መስመር በመስመር፣
ጉልበቷ ላይ አድርጋ መታችበት ማኅተም።
ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

ምናሴ ተሻለው። ተመለስን።

ከፒያሳ ቁልቁል በእግሬ ስወርድ
ሰዓት የማሠራበት ጥግ የለም፤ ሰፊ መንገድ፣
አበባ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብዙ መብራት።
ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ቢሮዬ ነው፤
ይሠራል! ያውም በሰዓት!
ወንበሬ ላይ ያለች ፋናዬ የምትባል ልጅ
«ተራ ይያዙ አባቴ፣ ይጠብቁ ከደጅ።»
አለቃዬ አቶ ዘውገ ትከሻዬን መታ፤
«ሰሞኑን አላየሁህም» አለኝ በፈገግታ።

ጥበቃው ጋሽ ቱሉ ነው ጎትቶ የነገረኝ፤
«አንዲት ሴት አለች፣ በየሰኞው ከኮልፌ መጥታ የምትጠይቀኝ።
ዶሴዬ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ከሰውየው ጋር ትላለች።
የመንግሥት ንብረት ማን ይሰብራል? ትመለሳለች።»

ከፈትኩት።
ያልወጣ ሎተሪ፣ አንድ ካራሜላ፣ የደረቀ እስክሪብቶ፣
ከሥር የወይዘሮ ብርነሽ የውርስ ማስረጃ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ፣
አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶት፤
ያን ዓርብ «ነገ ይደርሳል» ብዬ የወጣሁበት።
ለካስ የጎደልኩባት አንዲት ሴት ነበረች፤
እሷም ቁልፉን እንጂ እኔን መች ፈለገች።

ሰኞ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ
ጉልበቴ ላይ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ፣ ሰጠኋት።
አልመረቀችኝም። «ቁልፉ ተገኘ?» አለች።
«ተገኘ» አልኳት።
የት እንደነበር አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳት።

ቁልፉ አሁን ምስማር ላይ ነው፤ ሁሉም ያየዋል።
ሰው ግን አመሉን ከኪሱ አውጥቶ መስቀል ይከብደዋል።
ትናንት፣ መውጫችን ሲደርስ፣ አንድ ሽማግሌ መጥቶ
«ነገ» አልኩት፣ ከአፌ አምልጦኝ፤ እሺ አለ፣ ሄደ ቆቡን አንሥቶ።
ከሦስተኛው ፎቅ ላይ ኮቴውን ሰማሁት፣
አርባ ስምንት ደረጃ፤ ሁሉንም ቆጠርኩት።