ሃያ ሦስት ኪሎ

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሌሊት፣ ከጓሳ ወዲያ ማዶ፣
አንድ ጉርምርምታ ያልፋል፣ ጨለማውን ቀዶ።
ሚስቴ ትባንናለች፤ «ዶፍ ሊጥል ነው» ትላለች።
«ተኚ፤ የጅዳዋ ናት፤ ዛሬም ዘግይታለች።»

ሃያ ሰባት ዓመት ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ሆድ ሥር ጎብጬ፣
ሰው የማውቀው በሻንጣው ነው፣ እጀታውን ጨብጬ።
ፊት የላይኛው ፎቅ ነው፤
መስታወት አለው፣ ሽቶ አለው፣ በየቋንቋው የሚጣራ ድምፅ አለው።
እኔ ከታች ነበርኩ፤ ቀበቶው እንደ ክረምት ጅረት ሲያወርደው
ጥቁሩን፣ ቀዩን፣ በገመድ የታሰረውን ስቀበለው።
የሌጎስ፣ የጓንዡ፣ የሮም፣ የሐራሬ፣ የሙምባይ፣
አርባ አምስት ደቂቃ ጎን ለጎን ይቆማሉ እኔ ጋሪ ላይ፣
ሳይተዋወቁ። ከዚያ ወዲያ ማን ከማን ሊተያይ!

ክንዴ ሚዛን ነበር፤ ቁጥር አያታልለኝም፤
ሃያ ሦስት ተብሎ ሃያ ስድስት የገባ አያመልጠኝም።
የነጋዴ ሻንጣ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነብላል፣
የተማሪ ከሥሩ ይከብዳል፣
የሙሽራ፣ ምን እንዳለበት እንጃ፣ ይቀላል።
ሳጥንም ነበረ፤ ረዥም፤ ስም በቀለም የተጻፈበት።
እሱን ለአራት ነው፣ ኮፍያ አውልቀን።
ይቅር። አልገባም እዚያ ውስጥ በዚህ ሌሊት።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ አስፋልቱን ሲገርፍ፣
የኩዌቱ ሊነሣ፣ አለቃችን በሬድዮ «ፍጠኑ!» እያለ ሲለፈልፍ፣
አንድ ሰማያዊ ሻንጣ እጄ ላይ ፈነዳ፤
ዱቄቱ ቦነነ፤ ግማሹ ውኃው ላይ ተደፋ።
አሸተትኩት።
በሶ ነው። የመንዝ ገብስ፤ እንጨት በሌለበት አገር፣
በኩበት የታመሰ፣ አረረ ሊባል ትንሽ ሲቀር።
ጓደኞቼ ጮኹ። በሩ ሊዘጋ ነው። እኔ ተንበረከክሁ፤
የጆንያ መርፌ ከኪሴ አይጠፋም፤ ሰፋሁ፣ ሰፋሁ፣
እንዳባቴ፣ ባና ሲተረተር እንደሚሰፋው በጥንቃቄ፣
አንድ ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ ዝናብ እየወረደ በደረቴ።
ሄደ።
አንድ ጭብጥ ግን፣ አልዋሽም፣ ቀረ ከኪሴ፤
ጎህ ሲቀድ በውኃ በጥብጬ ጠጣሁት፣ ብቻዬን፣ ለነፍሴ።

ዘንድሮ ጥር፣ በወንድይፍራው ልጅ ሰርግ፣ ዳሱ ሥር፣
ስንቅነሽ፣ ከኩዌት የተመለሰችው፣ ወሬ ስትጀምር፦
«ሻንጣዬ ተሰፍቶ ደረሰኝ፤ በማን እጅ አላውቅም፤
የባና ስፌት ነው! የኛ ሰው እንጂ ሌላ አይሰፋውም።
ጣቴን በስፌቱ ላይ ሳልፈው፣ ሳልፈው አደርኩ፤
ሰው አለኝ ማለት ነው፣ እዚያ ምድር ቤት፣ አልኩ።»
ዳሱ ጸጥ አለ። እኔ ከንፈሬን ከፈትኩ።
«ሌባም ናቸው ግን!» አለች። «እናቴ በጣሳ ሰፍራ የላከችውን፣
ግማሽ ጣሳ አጉድለው! በልቶ አይርካ የበላውን!»
ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።
እኔም ሳቅሁ። ጠላዬን አነሣሁ።
ጭብጥ ነው የወሰድኩት፤ ሌላውን ዝናቡ ነው፤
ይኼን አሁን ለማን፣ ከየት ጀምሬ ልንገረው?

በማግስቱ ግማሽ ጣሳ በሶ ሰፈርኩ፤
ከረጢቱን በዚያው ስፌት አፉን ዘጋሁ።
ከጥር ጀምሮ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ግንቦት ሊገባ ነው።
ሚስቴ «አይጥ ሳይጀምረው ላክላት እንጂ፣ ምን ያዘህ?» ትላለች።
እኔም ጣራ ጣራውን እያየሁ፣
«በረራዋ» እላታለሁ፣ «ዘግይታለች።»