ሁለት ሰዓት

ቢቸና፣ ውሃ ቢሮ፣ አቧራ በጠጣው ኮምፒውተር፣
አንዲት መስመር ጻፍሁ፦ «በየዕለቱ፣ ሳትቀር፣
ሁለት ሰዓት ሲል ፓምፑን ቀስቅስ፤ አራት ሲል አስተኛው።»
ከዚያ ወዲያ ረስቼው ተኛሁ።

የእኔ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው፣ ፀሐይ የሞቀው፤
የማሽኑ ቆጠራ ግን ከእኩለ ሌሊት ነው፤
ጅብ ሲጮህ ይነሣል፣ በሌሊቱ ስምንት፣
ሳያዛጋ፣ ሳይል «ዛሬ ሰንበት»።

እኔ ምን አውቄ? ጣራዬ ላይ ሮቶ አለ።
ወር ሊሞላ ሲል ሰማሁ፤ በእፍረት ፊቴ ጋለ፤
ሁለቱን ፋቅሁና ስምንት ብዬ ተካሁ፣
«ተቃና» አልሁ።

በማግስቱ ያልጋነሽ ከላይ ሰፈር ወርዳ፣
ጄሪካኗን ጎለተችው፣ እንዳልተከፈለ ዕዳ፦
«ቀን ቀንማ ሆቴሉ ነው፣ መኪና አጣቢው ነው
መንገድ ላይ የሚያስቀረው።
ሌሊት ነበር ዳገቱን ወጥቶ እኛ ዘንድ የሚደርስ።
ማን ነው የነካብን? መልስ!»

መለስሁ።
ስምንቱን ፋቅሁ፣ ሁለት ጻፍሁ፤
አጠገቡም ማሽኑ የማያነበው ማስታወሻ አኖርሁ፣
ከእኔ በኋላ መጥቶ ሊያርም ለሚቸኩል ሰው፦
«ስህተት ነው። አትንካው።»