የሮኮ ጡብ

ግድግዳው ላይ የለጠፉት፣ "ከጥንት የወረደ" ይላል።
ይበል። ወረቀት ምን ያውቃል?
ያን ዘመን እኔ ነበርኩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፤
ማኅተም መቺ፣ ፎርም አሳላፊ።

ከደቡብ ጣሊያን የመጡ፣ የጡብ ፋብሪካ ሠራተኞች፣
ቀዩ አቧራ ከአንገታቸው የማይለቅ፣ አራት ጎልማሶች፤
ካርሚኔ ቆቡን ጨምድዶ፣ በሰባራ እንግሊዝኛ፣
"ነሐሴ ላይ፣ አንድ መንገድ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ለእኛ"
ሲለኝ፣ ቀና አላልኩም።
ወንድሜ ራልፍ እነሱ አገር፣ ሞንቴ ካሲኖ ሥር ቀርቷል፤
መቃብሩን አላየሁም።

"አይቻልም" አልኩ። ሄዱ።
በሳምንቱ ማክሰኞ መጡ፤ አግዳሚ ወንበሩን ለመዱ።
በአምስተኛው ማክሰኞ ፈረምኩ፤ ደግነት ግን አልነበረም፤
ሰልችቶኝ ነው። ሌላ ስም የለውም።

የቅዱስ ሮኮ ምስል፣ ከመንደራቸው ተጭኖ፣
ሊቨርፑል ወደብ ላይ ቀረ፣ በቀረጥ ጣጣ ታፍኖ።
በዋዜማው ሌሊት ዶናታ፣ የሳቪኖ ሚስት፣
"ባዶ ቃሬዛ ልትሸከሙ?" ብላ ሳቀች አሉ፣ በንዴት።
ካርሚኔ ከምድጃው አፍ፣ ትኩስ ጡብ በጆንያ ይዞ መጣ፤
በሚስማር "ሮኮ" ሊል ጫረ፣
ለመጨረሻዋ ፊደል ቦታ አጣ።

በማግስቱ ዝናብ። የእንግሊዝ ዝናብ፤ ቀጭን፣ የማይቸኩል።
ጎረቤት ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ያያል፣ ይንሾካሾካል።
ሃምሳ ሰው ቢሆኑ ነው፤ አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ውሻ፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ፣ የተከተለ እስከ መጨረሻ።
እኔ? ሥርዓት ላስከብር፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ከዳር።
ድልድዩ ጋ ሳቪኖን አዳለጠው፤
ቃሬዛው ዘመመ፤ ጡቡ ሊወድቅ ነበር።

ጃንጥላዬን ጣልኩ። ትከሻዬን ሰጠሁ።
ለምን? ይኸው እስከ ዛሬ፣ መልሱን አጣሁ።
ካርሚኔ ዞር ሳይል፣ "በግራ እግር" አለኝ፤ "በግራ።"
ሌላ ቃል አልተነጋገርንም፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በራፍ፣
እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ካፊያ።

ምስሉ በጥቅምት ደረሰ፤ ወርቅ የተቀባ፣ ያማረ።
መንበር ተሠራለት፤ እዚያው ቀረ።
በየዓመቱ የሚወጣው ጡቡ ነው።
አሁን መንገዱ ጠቧል፤ አይስክሬም፣ ባንዲራ፣ ከንቲባው።

ዘንድሮ ወጣቶቹ መጥተው፣ "መነሻውን ንገረን" ቢሉኝ፣
"ቀረጥ ነው" አልኳቸው፤ "ቀረጥና ዝናብ።"
ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው።
ራልፍን አልነገርኳቸው።