ትርፍ ሦስት ሜትር

ከቸርችል ቁልቁለት፣ ከፖስታ ቤት በላይ፣
አምስት ፎቅ በሆነ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣
ሜትሬን ከወገቤ፣ ጠመኔ ከኪሴ፣
ደረጃ ስቆጥር አለቀ እስትንፋሴ።
ከሊፍቱ በር ላይ፣ ከዛገው ብረቱ፣
«ለጊዜው አይሠራም» ይል ነበር ወረቀቱ፤
«አይሠራም» የሚለው ጠፋና ደብዝዞ፣
«ለጊዜው» ብቻውን ቀርቷል በሩን ይዞ።

ወይዘሮ የውብዳር፣ ሕንፃውን የሚመሩት፣
ገና ሳልቀመጥ ሕጉን ዘረዘሩት፦
«እብነ በረዱን አደራ፣ እንዳትነኪብኝ፣
ቀለሙ አዲስ ነው፣ እንዳትፍቂብኝ፣
ገመድ በኮሪደር እንዳይንጠለጠልብኝ፣
ኢንተርኔቱ ግን ነገ ይግባልኝ።»
«ነገ» ብዬ ጻፍኩ በማስታወሻዬ፤
ከጎኑ፦ ሰባት ሳምንት። ይህን ለብቻዬ።

ነገሩ የሚጀምር ከመንገድ ዳር ነው፤
የብረት ክዳኑን በዲጂኖ አንስተን ስናየው፣
የክረምቱ ውኃ፣ ላስቲክ፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣
የታክሲ ረዳት ከላይ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል የሚሰማ።
«ቱቦው ክፍት ነው!» አለኝ ምንተስኖት ሽቦውን ሰድዶ፣
እስከ ክርኑ ድረስ ጭቃ ውስጥ ወርዶ።

ሥራዬ መሄድ ነው፤ ሥዕል ይዋሻላ!
መተላለፊያ ያለው ቦታ ሆኖ ሌላ፣
የጥርስ ሐኪሟ በጂፕሰም አጥራው፣
አፉን የከፈተ ሽማግሌ አለው።
ሜትሬን በእግሩ ሥር «ይቅርታ» ብዬ ሳብኩ፤
መልስ መስጠት አይችል፣ ከቅንድቡ አነበብኩ።

ከላይ ልብስ ሰፊው፣ አቶ ኩራባቸው፣
መርፌ በከንፈራቸው፣ መነጽር በግንባራቸው፣
«ክር ነው አሉኝ የምትዘረጊው፤ እውነት?
ቁጥሩ ስንት ይሆን? ይችላል ወይ ስፌት?»
«መስታወት ነው» አልኳቸው፣ «ከፀጉር የሳሳ፤
በጠባብ ካጠፉት ብርሃኑ መንገድ ረሳ።»
«እንግዲያ ኩሩ ነው፤ በቀስታ ካዞሩት ይዞራል፣
በግድ ያጎነበሰ ዕለት ግን ይሰበራል።»
ጠመኔዬ አልቆ ኪሴን ስዳብስ አይተው፣
ሰማያዊ የልብስ ጠመኔ ሰጡኝ ለሁለት ገምሰው።

ዘበኛው ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ቁልፍ በቀበቷቸው፣
«በሩ ላንቺ አይከፈትም፤ እኔን ነው የሚያውቀው» ብለው
በትከሻቸው ገፉት።

አቧራ። ጨለማ። የሞተ የስልክ ገመድ፣
እንደ ደረቀ ሐረግ ቁልቁል ሲወርድ።
በእጅ ባትሪዬ ግድግዳውን ሳስስ፣
ሥዕሌ «ይበሳ» ካለበት ስደርስ፣
በእርሳስ፣ በደህና እጅ፣ ጥቂት ዘንበል ያለ፦
«እዚህ ጋ አትብሳ። ከኋላው ውኃ አለ።
ግንቦት ሃምሳ ዘጠኝ።» ስም ግን የለውም።
ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ሰውዬው አልዋሸም።
«እኔ ያኔ ሕፃን» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣
«ስልክ ያስገባ ሰው ነው፤ ማን ስሙን ያዘው?»

ሥዕሌን ሰረዝኩ። ሁለት ክንድ ወደ ግራ፣
አሥራ አንድ ሜትር ጭማሪ፣ የአንድ ቀን ሌላ ሥራ።

ማታ ሒሳብ ሠራሁ፦ ቢሮ ሠላሳ አራት፣
ለእያንዳንዱ ጥንድ ክር፣ ለመጠባበቂያ ስምንት።
አምስተኛው ፎቅ ባዶ ነው፤ ተከራይ የለው ገና፣
ላልመጣ ሰው መንገድ ቀደድኩ፤ ይመጣ ይሆናልና።

ወይዘሮ የውብዳር ሒሳቡን አይተው፣
«ይህስ ሦስት ሜትር ትርፍ፣ ተጠምጥሞ የሚቀረው?»
«ሲበጠስ ለሚቀጥል ሰው ነው።»
«ማነው ሰውየው?»
«አላውቀውም።»
እስክሪብቷቸው አየር ላይ ቆየ።
ሦስትን ሰረዙ፣ ሁለት ጻፉ፣ ፈረሙ።

ማምሻውን ተመለስኩ፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ከፍተው፣
ባትሪውን ያዙልኝ፣ በአቧራው አስነጥሰው።
ጠመኔ ይጠፋል፤ እርሳስ ፈልጌ አገኘሁ፣
ከዚያ ከሰውዬው ጽሑፍ ሥር ተንበረከክሁ።
ከ«አትብሳ» አጠገብ «አትብሺ» ጨመርኩ፤
ለወንድ ብቻ መስሎት ነበር፣ ይኸው እኔ ደረስኩ።
ከዚያም፦ «መስመሩ ሁለት ክንድ ወደ ግራ ነው።
ትርፉን ከላይ ፈልጉ፣ ከጣሪያው ሥር።
ሁለት ሜትር ነው። ሦስት ጠይቄ ነበር።»