የኖራ ሒሳብ

ሐሙስ በሐሙስ፣ ሂርማታ ሲታመስ፣
ከጨው ተራ ወዲያ፣ ጠብታ እንዳይደርስ
ሁለት ሸራ ደርባ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣
ጥሬ ኖራ ትሸጥ ነበር፣ ነጭ ድንጋይ አዝላ።
ስሟ ዚያዳ ነው፤ ጭማሪ ማለት።
ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላም አንድ ጭብጥ ትጨምር ነበር፣
«ለመንገድ» እያለች፤
ኖራ ምን መንገድ እንዳለው እንጃ።

አንድ ሐምሌ ሌሊት፣ መንቲና፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣
ጠብ ጠብ ያለው ውሃ ከጆንያው ደረሰ።
እሳት ሳይለኮስ፣ ክብሪት ሳይጫር፣
ነጩ ድንጋይ ሊፈላ፣ ሊንተከተክ ጀመር።
እማ አቅፋው ወጣች፣ በባዶ ክንዷ፣ እስከ ውጪ ድረስ።
ጠባሳው የኮባ ቅጠል ይመስል ነበር፣
ከነጅማቱ።

አስራ አንደኛ ክፍል፣ መምህር ወንድራድ
«ኖራ ያለው ማነው?» አለን፤
ጎረቤቴ በክርኑ ገፋኝ፣ እጄን አነሳሁ በግድ።
ካሎሪሜትር የለንም። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ፣
አንዱ በአንዱ ውስጥ፤ የደብተር ልባስ መክደኛ፤
ለስልሳ ተማሪ አንዲት ቴርሞሜትር፣ አናቷ የተሸረፈ።
ውሃው ሃያ ሁለት ነበር። ኖራው ገባ።
ሰላሳ። አርባ። ሃምሳ አንድ።
ከዚያ ቆመ፣ ዳገት እንደጨረሰ ሰው።

አሰላን። መጽሐፉ ስልሳ አምስት ይላል፣ ኪሎ ጁል በሞል፤
የኛ አርባ ስምንት። «የቀረውስ?» አልን፤ «የት ውሏል?»
«ከባቢው ወሰደው፤ ኩባያው፣ አየሩ፣
የያዘው መዳፍህ፤ ሁሉም ተበደሩ።»
ከዚያ በሰሌዳው ላይ፣ ከቁጥሩ ፊት ለፊት
አጭር ጭረት ጫረ፣ የመቀነስ ምልክት።
«የሰጠ በዚህ ይጻፋል።»

በማግስቱ ነዚፍ ከአባቱ ጎተራ ዩሪያ ሰርቆ አመጣ።
ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኩባያው በረደ፣ ጣታችንን ነከሰ፣
የእጃችንን ሙቀት እንደ ራሱ ገንዘብ እየቆጠረ ጎረሰ።
«ይሄኛው» አለ መምህር፣ «በመደመር ነው።»

ማታ ለእማ አነበብኩላት። ፊደል አልቆጠረችም፣
በሒሳብ ግን ሂርማታ ውስጥ የሚያታልላት የለም።
«ይቺ ጭረት ምንድናት?»
«ጎደለ ማለት ናት። ሙቀት የሰጠ ጎድሎ ይጻፋል።»
«የወሰደውስ?»
«እሱ ይደመራል።»
ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፣ ኖራው ደረቷ ውስጥ ነበር።
«ታዲያ እኔን በስንት ጻፍከኝ?»
አልመለስኩላትም።
እርሳስ እየቀረጽኩ ነበር መሰለኝ።

ዛሬ እኔ ነኝ በሰሌዳው ፊት። ጠመኔው እጄ ላይ ይፈርሳል።
ድንጋዩ እቶን ሲገባ መቶ ሰባ ስምንት ይጎርሳል፣
ውሃ ሲነካው ስልሳ አምስቱን ባንዴ ይመልሳል።
መቶ አስራ ሦስት ይቀራል።
ይህን ልጆቹ አይጠይቁኝም፤ እኔው አነሳዋለሁ።
ግድግዳ የተቀባ ኖራ ከተኙት ትንፋሽ እየሳበ፣
በወር በዓመት ወደ ድንጋይነቱ እየቀረበ፣
ቀሪ ዕዳውን ይከፍላል፤ ሳይፈላ፣ ሳይጨስ፣
ቴርሞሜትር ሳይነቃ፣ አንድም ሰው ሳይቀሰቀስ።
በዚያ ግድግዳ ሥር አስራ ዘጠኝ ክረምት ተኝቻለሁ።

እናቴ ኖራ ሽጣ ኖራ፣
ኖራ አለፈች።
ከባቢው እኔ ነበርኩ።

የመንቲናው ቤት ተሸጧል፤ የገዛው ሰውዬ
ገና አልቀየረውም ቀለሙን። ባለፈው ማክሰኞ
ዝናብ ሲያባራ፣ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ደክሞኝ
ግድግዳውን ተደገፍኩ።
ጥቁር ኮቴ ትከሻው ላይ ነጣ።
አንዲት ሴትዮ በጣቷ እያመለከተች «አራግፈው፣ ልጄ» አለችኝ።
እሺ አልኳት።
አላራገፍኩትም።